በተከፋፈለ ፖለቲካ መሃል ክርስቲያን ሆኖ መኖር፦ ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐሙስ ማታ እኛ ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። ቤታችን ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ሲዳማ አለ፣ ወላይታ አለ፣ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ከምባታ አለ። እንደ እኔ አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው የሆነም አለ። ጡረታ የወጡ መምህር፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጥናቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

ከተማችን ብዙ አይታለች። በሰኔ 2010 በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ወጡ። በሐምሌ 2011 የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሲካረር እንደገና ደም ፈሰሰ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሳይቀር ተቃጠለ። ቀጥሎ ሕዝበ ውሳኔው መጣ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። በ2015 ክረምት ደግሞ የደቡብ ክልል ቀረና መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ስንት ዓመት አብረን የጸለይን ሰዎች ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ በር ላይ ቆመን ሸኘን።

በዚህ ሁሉ መሃል ሰዎች የጠየቁኝን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። መልሶቹ የእኔ ናቸው። ሥነ መለኮት ትምህርት ቤት አልገባሁም። አንዳንዱን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው።

ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ መግባት አለበት? ርቆ መቆም አይሻልም?

መግባት ይችላል። ዮሴፍ በግብፅ፣ ዳንኤል በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሠርተዋል። "ፖለቲካ ቆሻሻ ነው" ብሎ የሚሸሽ ሰው ውሃ ሲጠፋ ወይም ልጁ የሚማርበት ክፍል ውስጥ ሰማንያ ተማሪ ሲታጨቅ ያማርራል። ያ ሁሉ ፖለቲካ ነው። የምርጫ ካርድ ማውጣት፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ መናገር፣ ፓርቲ ውስጥ መሥራት ኃጢአት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁን ጠይቁ። ፓርቲያችሁ ሲያጠፋ፣ ሰው እየሰማ፣ "ይህ ጥፋት ነው" ማለት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ነገሩ ከማገልገል አልፏል።

ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር። የእርሱ ዓይነት ሰው በወገኖቹ ዘንድ ለገዢ ያደረ ባንዳ ተብሎ ነበር የሚታየው። ስምዖን ደግሞ "ቀናተኛው" ይባላል። ለአገሩ ነፃነት የሚቀና፣ የሮምን አገዛዝ የሚጠላ ሰው እንደነበር ብዙ አስተማሪዎች ይናገራሉ። ኢየሱስ ሁለቱን ጠርቶ አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ራት ላይ ምን ተባብለው ይሆን? አልተጻፈም። አብረው መብላታቸው ግን የታወቀ ነው።

እኔ የያዝኩት ይህንን ነው። በሐሳብ መለያየት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ወንድምን ከማዕድ ማስነሳት ነው።

ብሔሬን መውደድ ኃጢአት ነው?

አይደለም። ጳውሎስ ስለ ወገኖቹ ሲጽፍ ልቡ እስኪደማ ነው የጻፈው። ዮሐንስ በራእዩ በዙፋኑ ፊት ያየው ሕዝብም ከነገድ ሁሉ፣ ከቋንቋ ሁሉ ነው። ቋንቋው ሰማይ ድረስ ከሄደ እዚህ ምን ያሳፍራል?

"ክርስቲያን ብሔር የለውም" የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። ችግሩ የሚሰማው ሰው ላይ ነው። ቋንቋው ለብዙ ዘመን ገበያና ቢሮ ውስጥ የተናቀበት ሰው ይህን ሲሰማ "የራስህን ጣልና የእኔን ያዝ" የተባለ ይመስለዋል። ደግሞም አስተውላችሁ ከሆነ "ብሔር የለንም" የሚለው ስብከት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበከው በአማርኛ ነው። አማርኛ የእኔም ቋንቋ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን ይህን ማየት አለብን።

በኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ ከሰጠው 98 ከመቶ በላይ የሚሆነው ክልልነትን መረጠ። ቀጥሎ ያለው እሑድ አምልኮ ላይ ነበርኩ። ከጎኔ የቆመች እህት በደስታ ታለቅሳለች። አያቷ የጠየቁት፣ አባቷ የጠየቁት ነገር በእርሷ ዕድሜ መልስ አገኘ። ከኋላዬ ያለው ወንድም ደግሞ ሌሊቱን አልተኛም። ቤቱን ልሽጥ፣ ልጆቼን ወዴት ልውሰድ እያለ ነው ያነጋው። ሁለቱም አንድ መዝሙር ይዘምሩ ነበር። አንዱ የሌላውን ልብ አያውቅም። እኔ ሁለቱንም አውቅ ነበርና ድምፄ አልወጣ አለ።

ታዲያ ፍቅሩ መቼ ነው ወደ ኃጢአት የሚዞረው? የነነዌን ጾም በየዓመቱ የምትጾሙ ዮናስን ታውቁታላችሁ። ዮናስ ወገኑን ይወድ ነበር። ነነዌ የጠላት ከተማ ነበረችና እግዚአብሔር ሲምራት ተናደደ፤ ሞቴን አምጣው አለ። እዚያ ላይ ነው የተበላሸው። የሞት ዜና ስንሰማ ከንፈራችንን ከመምጠጣችን በፊት "የየትኛው ወገን ነው?" ካልን እኛም ዮናስ ጥላ ሥር ተቀምጠናል።

ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት። ሩዋንዳ በ1986 ዓ.ም. አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን ነበር። በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ ወደ 800 ሺህ የሚገመት ሰው ተገደለ። ቤተ ክርስቲያን ገብተው የተሸሸጉ ሰዎች እዚያው ውስጥ ተገደሉ። ገዳዮቹ መካከል ከሟቾቹ ጋር እሑድ እሑድ አብረው የተቀመጡ ነበሩበት።

በየቋንቋችን ለየብቻ ማምለካችን መከፋፈል አይሆንም?

በራሱ አይሆንም። እናት በልጅነቷ በጸለየችበት ቋንቋ ስትጸልይ ስሙ፤ ትረዱኛላችሁ። በሲዳምኛ የሚደረግ አምልኮ ለብዙ ሰው ወንጌልን ወደ ቤቱ ያስገባ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን የገጠማት ጣጣ ይኸው ነበር። ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻችን ከዕለቱ እርዳታ ተዘነጉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ "ዘረኞች ናችሁ" አላሏቸውም፤ "ለአንድነት ስትሉ ዝም በሉ" አላሏቸውም። ቅሬታውን ሰሙ። ሰባት ሰዎች ተመረጡ። የሰባቱንም ስም ብታነቡ የግሪክ ስም ነው። የተበደለው ወገን ራሱ ማዕዱን እንዲያድል ተደረገ ማለት ነው። እኔ ይህን ክፍል ለዓመታት እያነበብኩ ይህ ነገር አልታየኝም ነበር።

ስለዚህ ቋንቋውን ከመቁጠራችሁ በፊት ሌላ ቁጠሩ። ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? ገንዘቡ ማን እጅ ነው? አዳራሹን ጥሩው ሰዓት ላይ የሚጠቀመው የትኛው ቡድን ነው? ሁለቱ ቡድኖች ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ አብረው ይበላሉ? ያላቸው አንድ ግቢ፣ ሰላምታቸው ግን ከአንገት በላይ ከሆነ መስተካከል ያለበት እዚያ ጋ ነው።

በጥናት ቡድናችን ሁለት ሰዎች በፖለቲካ ተጣሉ። ምን እናድርግ?

እኛም ቤት ደርሷል። ሁለት ወንድሞች "ሐዋሳ የማን ናት?" በሚል ተነሱ። ሻይው እስኪቀዘቅዝ ተጯጯሁ። ሚስቶቻቸው ቀድመው ተነስተው ወጡ። እኔ "ኧረ በኢየሱስ ስም ተዉ፣ እንጸልይ" አልኩና ዘጋሁት። ያ ስህተት ነበር። በጸሎት አፋቸውን ያዝኩባቸው እንጂ አላስታረቅኳቸውም።

ያስተማሩን ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው። ሲዳማ ናቸው። "በእኛ ዘንድ አፊኒ የሚባል አለ" አሉ። ቃሉ "ሰማችሁ ወይ?" እንደ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ፣ በሸንጎ ማለት ነው፣ ሲቀመጡ ነገሩን ሁሉም ሳይሰማው ፍርድ አይሰጥም። እውነቱ፣ እነርሱ ሀላሌ የሚሉት፣ የሚገኘው ከመስማት በኋላ ነው። ያዕቆብም ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ ሁን ይላል። እኔ ይህን ጥቅስ በቃሌ እይዘዋለሁ። እርሳቸው ግን በልጅነታቸው ዛፍ ሥር ሲደረግ አይተውታል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱን አስቀመጥናቸው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ይናገራል። ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን መልሶ ይናገራል። ተናጋሪው "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ መልስ መስጠት የለም። አንዱ ስለ አያቱ መሬት ተናገረ። ከብት ያግዱበት የነበረው ቦታ ዛሬ ፎቅ ነው፤ ለአያቱ የተሰጣቸው ካሣ ግን የሚወራ አልነበረም። ሌላው ስለ አባቱ ተናገረ። የዚህን ከተማ ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው በእርጅናቸው "ወደ አገርህ ሂድ" ተባሉ። መልሶ መናገሩ ሲመጣ ሁለቱም ሦስት አራት ጊዜ ተሳሳቱ። ያልተባለ ነገር ይጨምራሉ፣ የተባለውን ይዘላሉ። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

አልተስማሙም። ዛሬም አይስማሙም። ነገር ግን ከተማዋን አንስተው ሲከራከሩ አንዱ ስለ አያቱ፣ ሌላው ስለ አባቱ እንደሚያወራ ሁለቱም ያውቃሉ። ድምፃቸው ራሱ ተለውጧል።

ስልኬ ላይ የሚመጣው ነገር ያናድደኛል። ሼር ባደርግ ምን አለበት? እውነቱን ሰው ይወቅ ብዬ ነው።

እዚህ ላይ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ቴሌግራም ላይ አንድ ፎቶ ከድምፅ መልእክት ጋር ደረሰኝ። ደሜ ፈላ። ሳላስብ ለጥናት ቡድናችን ግሩፕ ላክሁት። ከሥሩም አንድ መስመር ጻፍሁበት፤ መድገም አልፈልግም። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶው የሌላ አገር፣ የቆየ ፎቶ መሆኑ ታወቀ። አጠፋሁት። በቃ አለፈ ብዬ ነበር።

ከእኛ ጋር የምትጸልይ አንዲት እህት ግን አራት ሐሙስ ቀረች። ቤቷ ሄድሁ። ቡና አፈላችልኝ፤ ጨዋ ናት። እናቷ መቀሌ ነበሩ። ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፎታል፤ በሕይወት መኖራቸውን አታውቅም። "አንቺ ያንን ስትልኪ እኔ ግሩፑ ውስጥ እንዳለሁ ትዝ አላለሽም?" አለችኝ። ትዝ አላለኝም ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ በነዚያ ሁሉ ወራት ስለ እናቷ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። የሚያናድድ ነገር ሲመጣ ሳላሳድር አልልክም። ጠዋት ላይ አብዛኛው ለመላክ የማይበቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ካደረም በኋላ፣ ይህን ነገር ያቺ እህት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ላነበው እችላለሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የማልችለውን እተወዋለሁ። ማን ቀዳው፣ መቼ፣ የት የሚለውን ካላወቅሁ እውነት ነው አልልም። "እንደ ወረደ" ብሎ መላክ ከኃላፊነት አያድንም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ያልተጣራውንም የሚጨምር ይመስለኛል።

የአገሩም ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ አስቀምጧል። እኔ ግን ያስተማረኝ አዋጁ አይደለም። ያቺ ቡና ናት።

የግሩፕ አድሚን ለሆናችሁ፦ ዝም ብላችሁ አትለፉ። መልእክቱን አንሱት፣ ለላከው ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉለት። ሰው ፊት አታዋርዱት።

መጋቢያችን መድረክ ላይ ፖለቲካ ይናገራሉ። ትቼ ልውጣ?

መጀመሪያ የተናገሩት ምን እንደሆነ ለዩ። ስለ ተፈናቀለ ሰው፣ ስለ ጉቦ፣ ስለ ግድያ መናገር የነቢያት ሥራ ነው። አሞጽም ኤርምያስም ይህንኑ ተናገሩ። አንድን ፓርቲ ምረጡ፣ እገሌን እግዚአብሔር ቀብቶታል፣ የእነ እገሌ ወገን የተረገመ ነው ማለት ግን ሌላ ነው። በተለይ በትንቢት ስም የሚደረገው ቅስቀሳ ያሳስበኛል። ትንቢቱ ሳይሆን ሲቀር የሚጎዳው የምእመኑ እምነት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ።

ሌላም መለኪያ አለኝ። መድረኩ ላይ የሚጸለየው ለየትኞቹ ሟቾች ነው? የአንዱ ወገን ሟች በስም ተጠርቶ የሌላው ዝም ከተባለ ምእመኑ ይሰማዋል። የሚናገር ሰው ባይኖርም ይቆጥራል።

ለመውጣት አትቸኩሉ። ብቻችሁን ሂዱና ንገሯቸው። "ጋሼ፣ ባለፈው እሑድ ይህን ሲሉ እንዲህ ተሰማኝ" በሏቸው። ስብከቱን ቆርጣችሁ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ካልሰሙ ሽማግሌዎቹን ያዙ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን፣ ቀጥሎ ሰበካ ጉባኤውን። አብዛኛው አገልጋይ ማንም መጥቶ በአክብሮት የነገረው የለም፤ ወይ ያጨበጭቡለታል ወይ ከጀርባ ያሙታል።

ሮሜ 13 ለመንግሥት ተገዙ ይላል። ታዲያ መንግሥት ሲበድል ዝም እንበል?

ይህን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ስንቴ ታሰረ! መገዛት ማለት እውነትን መዋጥ ከሆነ ጳውሎስ እስር ቤት ምን ሊሠራ ገባ?

ከራሳችን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1971 ዓ.ም. ደርግ ሁለት የሃይማኖት አባቶችን ገደለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሁለተኛው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር። ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ማታ አምልኮ መርተው ሲወጡ ተወሰዱ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ከ13 ዓመት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ምን ያህል ይራራቁ እንደነበር አስቡት። ወደ መሬት የገቡት ግን በአንድ ዓመት ነው። ሁለቱም ጦር አላነሱም። አንዱን ጌታ በሌላ ጌታ ለመለወጥ ብቻ እምቢ አሉ።

እኛ ወደዚያ ደረጃ ላንጠራ እንችላለን። የእኛ ፈተና የሚመጣው ቢሮ ውስጥ ነው። ያልሠራ ሰው በዘመድ ሲቀጠር ፈርም ስትባሉ፣ የጎረቤታችሁን ስም ዝርዝር አምጡ ስትባሉ። ያኔ እንቢ ማለት ደመወዝ ሊያስቀር ይችላል። እምቢ ያለ ሰው ካለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የቤት ኪራዩን ትክፈልለት እንጂ "ጀግና" ብላ ብቻ አትሸኘው።

ወንድሜ በግጭቱ ሞቷል። "ይቅር በይ" ሲሉኝ ያመኛል። እምነቴ ደክሞ ይሆን?

እህቴ፣ ማንም አያጣድፍሽ። ዳዊት ስንት መዝሙር በለቅሶና በቁጣ ጻፈ! እግዚአብሔር አውጡት አላለም፤ እንድንጸልይበት አቆየልን። ቁጣሽን ለእርሱ መንገር ትችያለሽ።

ይቅርታ ማለት ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። ክስን መተውም አይደለም። በልብሽ በቀልን ለእግዚአብሔር ትተሽ በፍርድ ቤት ፍትሕ መጠየቅ ትችያለሽ። ዘኬዎስ ኢየሱስን ቤቱ ሲቀበል "ይቅር በሉኝ" ብሎ ብቻ አላበቃም፤ የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ።

ለሌሎቻችን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ከግጭት በኋላ "እርቅ አወረድን" ማለት እንወዳለን። በሬ ይታረዳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ እንነሳለን። ማን ምን እንዳደረገ ግን አይነገርም። አባቶቻችን ሲያስታርቁ እንዲህ አያደርጉም ነበር። በዳይ ይቆማል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው የሚበላው። እኛ ከምግቡ ጀመርን። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል።

ለእህታችን "ይቅር በይ" የሚል ጥቅስ ከመላክ ይልቅ የወንድሟ ሙት ዓመት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ሂዱና አብራችሁ ተቀመጡ። ከሌላኛው ወገን የሆነ ሰው ሄዶ አጠገቧ ቢቀመጥ፣ ምንም ባይናገር እንኳ፣ ከስብከቴ ሁሉ ይበልጣል።

ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን ጋርስ?

ዕድሩ አንድ ነው፣ ውሃው አንድ መስመር ነው፣ ሌባ ሲመጣም የሁሉንም በር ያንኳኳል። ሐምሌና ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከተማው በሰው ሲሞላ እኛ ፕሮቴስታንቶቹ መንገደኛ ውሃ ብናጠጣ ምን ይጎድልብናል? ሙስሊም ጎረቤታችሁ ሲያፈጥር ሂዱ። ግጭት ሲነሳ ደጃችሁን የሚጠብቅላችሁ በሰላሙ ቀን ቡና የጠጣችሁት ሰው ነው። ኤርምያስ ለተማረኩት እንኳ የምትኖሩባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ ብሏል።

ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ "እኛ ምንድን ነን?" አለኝ። ምን ልበለው?

እውነቱን ንገሩት። የአያቶቹን ስም፣ አገራቸውን፣ ቋንቋቸውን። ሰላምታውን በሁሉም ቋንቋ አስተምሩት። እኔ ልጆቼን ለፊቼ ጨምበላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ጉዱማሌ ወስጃቸዋለሁ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ የዚህ ከተማ ልጅ ሆኖ አለማየት ደግሞ ያሳዝናል። ትንሹ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ጭፈራውን ሲያስመስል ከረመ።

ከሁሉ በላይ ሳሎን ውስጥ ስለምታወሩት ተጠንቀቁ። ልጅ ስድብን የሚማረው ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ዜና እያያችሁ "እነዚህ ደግሞ" ስትሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማችኋል።

ስለ አገር ስጸልይ ምን ብዬ ልጸልይ?

ስም ጠርታችሁ። የማትወዱትን ባለሥልጣን ስም፣ የምትፈሩትን ወገን ስም። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ነገሥታት ጸልዩ ሲለው የነበሩት ነገሥታት መልካም ሰዎች አልነበሩም። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፤ ያን ጊዜ በልባችሁ ማን መጣ? ከእርሱ ጀምሩ።

ሁለት ዓመት ያኮረፍኩት ጓደኛ አለኝ። በፖለቲካ ነው የተጣላነው። እንዴት ልጀምር?

መልእክት አትጻፉ። ሂዱ። የሚቻል ከሆነ ወደ ማታ፣ ሰው ከሥራ ሲገባ። ሐዋሳ ከሆናችሁ ሐይቅ ዳር መሄድም ይቻላል፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። የተጣላችሁበትን ነገር በዚያ ቀን አታንሱት፤ ማን ልክ እንደነበር ሌላ ጊዜ ይደርሳል። "ቀረሁብህ፣ ጥፋቴ ነው" በሉ። ከዚያ ስለ እናቱ ጠይቁ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቁ፣ የሚናገረውንም አታቋርጡት።

በሩን ላይከፍት ይችላል። ያኔ ለበዓል ዳቦ ይዛችሁ ተመለሱ።